ዳዊት ያልነበረበት ማኅደር

መጽሐፍ ሸፍኖ የሚያነብ ሰው ሳይ ዓይኔ ዝም ብሎ አያልፍም። ባለፈው ሰሞን የጡረታ ጉዳይ ነበረኝና ከኮዬ ፈጬ ወደ ከተማ በሚወጣው አውቶቡስ ተሳፍሬ ስሄድ፣ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ጉልበቷ ላይ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ዘርግታለች። ልጅ ልበላት እንጂ ሠላሳን ሳታልፍ አትቀርም፤ እኔ ዕድሜ ላይ ሲደረስ ሁሉም ልጅ ነው። መጽሐፉን የሸፈነችው ቀይ ጽጌረዳ ባለበት የስጦታ ወረቀት ስለሆነ ለሩቅ ተመልካች የሰርግ አልበም ይመስላል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር መስመሩ እንዳይጠፋባት ጣቷን ትጫነዋለች። እኔ ደግሞ የሰው ነገር ማየት የማልተው ሴት ነኝና አንገቴን ሰገግ አድርጌ ሁለት መስመር አነበብኩ። ሁለት መስመር በቃኝ።

«የሂሳብ አዋቂዎች ፈተና ነው አይደል?» አልኳት።

ልጅቷ መጽሐፉን ጥርቅም አደረገችው። «እንዴት አወቁ፣ እማማ?»

«ሽፋኑ ነገረኝ።»

ስሟ ሜሮን ነው። ሳሪስ አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ክፍል ትሠራለች። መጽሐፉን የሸፈነችው አብረዋት የሚሠሩት እንዳያውቁባት መሆኑን እያፈረች ነገረችኝ። «ብወድቅስ? ደግሞ ሰው አፍ ከገባ አይሳካም ይባላል» አለች። የቀራት ዘጠኝ ሳምንት ነው። ትንሽ ሴት ልጅ ስላለቻት ቤት ከገባች በኋላ አንድ ገጽ አትገልጥም። «ያለኝ ጊዜ ይሄ አውቶቡስ ብቻ ነው፣ እማማ። ስሄድ አንድ ሰዓት፣ ስመለስ አንድ ሰዓት።»

ሳቄ አመለጠኝ። የሳቅኩባት መስሏት ፊቷ ሲለወጥ አይቼ እጇን ያዝ አደረግኩና «በአንቺ አይደለም፣ ልጄ፣ በራሴ ነው» አልኳት። ከዚያም ሳሪስ እስክትወርድ ድረስ የራሴን ነገር አጫወትኳት። አንድ ሰዓት ንባቧን እንዳቃጠልኩባት የገባኝ ከወረደች በኋላ ነው። ያልጨረስኩላትን እነሆ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። ማኪያቶ በአንድ ብር ከሃምሳ የሚጠጣበት፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን በሦስት ብር ገዝተን «ኧረ ተወደደ!» የምንልበት ዘመን ነው። አቃቂ ዛሬ ባጃጁ እንደ ጉንዳን ይርመሰመስባታል፤ ያኔ ግን ጋሪ ነበር የሚበዛባት። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ፈረሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ፤ ባለጋሪዎቹ ካፖርታቸውን ተከናንበው ሎሚ ሻይ ይጠጣሉ። ባቡሩም ቢሆን እንደ ድሮው በየቀኑ አይምጣ እንጂ ሲያሻው ይመጣ ነበር። ሲመጣ መንገዱ ይዘጋል፤ ሁሉም ሰው ካለበት ቆሞ ፉርጎ ይቆጥራል። አባቴ በባቡር ሥራ አርጅቶ እዚያው አቃቂ የተቀበረ ሰው ነው። ባሌም የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ስለነበር ሳምንቱን ድሬዳዋ መስመር ላይ ነበር የሚከርመው። ከሁለት ትንንሽ ልጆችና ካረጁት አማቴ ጋር ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ።

መሥሪያ ቤታችን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው አቃቂ፣ ዋናው ቢሮ ግን ለገሃር አካባቢ ስለሆነ፣ እኛ የቢሮ ሠራተኞች የፋብሪካውን ጭስ ከጓሯችን እያየን በየጠዋቱ ከተማ ድረስ እንመላለሳለን። የምንመላለስበት ሰርቪስ የጣሪያ ዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላው የዛገ፣ የኋላ በሩ በሽቦ የሚታሰር ሰማያዊ አሮጌ አውቶቡስ ነው። በክረምት ግማሹ ተሳፋሪ ከፋብሪካችን በተገዛ ተራፊ ብርድ ልብስ ጉልበቱን ይጠቀልላል። ግራጫ ሆኖ ዳሩ ላይ ቀይ መስመር ነበረው። በዚያ ዘመን አቃቂ ውስጥ ያ ብርድ ልብስ የሌለበት ቤት አላውቅም፤ ሲያሳክክ የሚያህለው አልነበረም፤ ሲሞቅም እንደዚያው።

ሰርቪስ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ወንበር አለው፤ ሰውየው ዓመት ፈቃድ ቢወጣ እንኳ ወንበሩ ባዶውን ይሄዳል እንጂ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። የሚሳፈር ሰው ከፊት እስከ ኋላ ሰላም ሳይል አይቀመጥም። ቅጣትም አለ፤ ሰርቪሱን ያስጠበቀ፣ ሰላምታ የዘለለ፣ ያኮረፈ፣ ለሁላችንም ብርቱካን ይገዛል። ቅጣቱን የምትጥለው ገንዘብ ያዣችን እትዬ በላይነሽ ናት። ፊት ወንበር ላይ ወደ ኋላ ዞራ ትቀመጥና እስከ ለገሃር ድረስ ወሬዋ አያልቅም። ሹፌራችን ደምሴ ደግሞ ዘፈን ያለበት ካሴት አያጠፋም፤ ያቺን አንዲት ካሴት አንዴ በፊት፣ አንዴ በጀርባ ሲያስጮኻት ዜማዋን ከነቅጭልጭሏ ሁላችንም በቃል ይዘናት ነበር። ዛሬም እንጀራ ስቆርስ ሳላውቀው አንጎራጉራታለሁ።

እንግዲህ ፈተናው። ያ ፈተና ከባሕር ማዶ የሚላክ፣ ፔፐር በሚሉት ተከታታይ ፈተና አንድ በአንድ የሚታለፍ፣ ዓመታት የሚበላ ነው። ሁለቱንም ልጆቼን በሆዴ ይዤ ተፈትኛለሁ። አንዱን ፔፐር እንደውም ከአራስ ቤት በወጣሁ በሳምንቴ፣ ጡቴ እየፈሰሰ ነው የተፈተንኩት። ሁሉንም አልፌ የመጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ደንቡ ደግሞ ርኅራኄ የለውም፤ ከመጀመሪያው ፔፐር ጀምሮ የሚቆጠር የዓመት ገደብ አለ፤ በዚያ ውስጥ ካልጨረሽ ያለፍሽው ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ለእኔ የቀረኝ አንድ የፈተና ዕድል ብቻ ነው፤ እስከዚያ ያለው ጊዜ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው። ብወድቅ እንደገና ከአንድ አልጀምርም፤ አቅሙም ዕድሜውም የለኝም። ያን ሁሉ ዓመት ከልጆቼ ላይ የቀነስኩት ጊዜ ከንቱ ይቀራል ማለት ነው። ይሄ ነበር የሚያስፈራኝ፤ ማዕረጉና ደመወዙ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ፈተና ላይ መሆኔን ደግሞ ከባሌ በስተቀር ነፍስ አያውቅም። አሳዳጊዎቼ «ያልሆነ ነገር አይወራም፣ አፍ ያጠፋዋል» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ለማን ተናግሬ ለማን ልውደቅ? ታዲያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? አባቴ ሲሞት ዳዊቱን ታላቅ ወንድሜ ወሰደው፣ ለእኔ ማኅደሩ ደረሰኝ። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ሰፊ የቆዳ ማኅደር ነው፣ ውስጡ ባዶ። በምሳ ሰዓት ያን ወፍራም የፈተና መጽሐፍ በትንንሽ ወረቀት እየገለበጥኩ፣ በመርፌ እየሰፋሁ፣ ልክ ዳዊት የሚያህል ጥራዝ ሠራሁ። ማኅደሩ ውስጥ ሲገባ እንደ ተለካለት ገጠመ። በማግስቱ ነጠላዬን አናቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ጥራዜን ከማኅደሩ አወጣሁና ወንበሬ ላይ ሆኜ ማንበብ ጀመርኩ። ነገር በቃል ስይዝ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ የተፈጥሮ ነገር ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልተባለም። በሦስተኛው ቀን እትዬ በላይነሽ ትኩር ብላ አየችኝና ድምጿን ቀነሰች። በሳምንቱ ደምሴ ካሴቱን ዝቅ አደረገው፤ በሁለተኛው ሳምንት ጨርሶ አጠፋው። ጀርባዬ ያሉት ሲያንሾካሹኩ «ዘነቡ ዳዊት መድገም ጀምራለች» ሲሉ ሰማሁ። አንዲቷም «ባሏ በራቀ ጊዜ ምን ታድርግ፣ ወደ እግዚአብሔር ዞረች» አለች። እውነቱን ልናገር፣ ያኔውኑ «አይደለም» ማለት እችል ነበር። ግን ከአቃቂ እስከ ለገሃር አንድ ሰዓት ሙሉ ጸጥታ! ቃሊቲ ላይ የጭነት መኪናው ሰልፍ መንገዱን ሲዘጋው ሌላው ያማርራል፣ እኔ ሃያ ደቂቃ ተጨመረልኝ ብዬ በሆዴ አመሰግናለሁ። ዝም አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? እኔም እያወቅኩ ነው።

ከዚያ ልመናው መጣ። እትዬ በላይነሽ የልጇን የክርስትና ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፤ ማትሪክ ሊፈተን ነውና በጸሎትሽ አስቢው አለችኝ። አንዱ ለወገቡ፣ አንዷ ለትዳሯ። ወረቀቶቹን እየተቀበልኩ፣ የዓመት ማጠቃለያ ሂሳብ ከሚለው ምዕራፍ መሐል እየሸጎጥኩ እቀጥላለሁ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል፤ ያኔ ግን የሚታየኝ ፈተናው ብቻ ነበር።

በዚህ መሐል ነው ጋሽ ቱሉ የመጡት። ጋሽ ቱሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ናቸው። ቤታቸው ኮዬ ነው፤ ያኔ ኮዬ እስከ አድማስ ድረስ ጤፍና ሽምብራ ነበር፣ ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር ማንም አላለመም። ጠዋት በጋሪ አቃቂ ድረስ መጥተው ይሳፈራሉ። በመስከረም አደይ አበባ፣ በኅዳር የሽምብራ እሸት ከነአገዳው ታቅፈው ይገባሉ፤ ሰርቪሱ በሙሉ እስከ ለገሃር ሲፈለፍል ይሄድና ደምሴ «መኪናዬን በረት አደረጋችሁት» ይላል። ሲሳፈሩ «አካም ቡልተኒ!» የሚለው የሰላምታ ድምፃቸው መስኮት ያንቀጠቅጣል። የዚያን ዕለት ግን ድምፅ ሳያሰሙ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ዘነቡ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሚስቴ ጫልቱ ሐሙስ ሆዷን ልትቀደድ ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም ነገር ጠብቁ ብሎናል።» ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጧፍ አወጡ። «የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። ስትደግሚ አስቢልኝ። እኔ ማንበብ ብችልም በእንባ አይታየኝም።»

ጧፉን ተቀበልኩ። እምቢ እንዴት ይባላል? ወደ ወንበራቸው ሄደው ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። እኔ ጥራዜን ገለጥኩ። አንዲት ፊደል አልገባ አለችኝ። «እናት ኩባንያ፣ ልጅ ኩባንያ» የሚለው ላይ ዓይኔ ፈዞ ቀረ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የፈተና ወረቀቴን ጭኔ ላይ እንደ ዘረጋሁ፣ እውነተኛ ጸሎት ጸለይኩ። ዳዊት በቃሌ አልያዝኩም፤ በገዛ አፌ «ጌታዬ፣ ወለተ ሥላሴን አትርፋት፣ የእኔን ውሸት በእሷ ላይ አትቁጠርባት» አልኩ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ ረቡዕም፣ ሐሙስም እንዲሁ። ሦስት ቀን አንድ ገጽ አላነበብኩም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ቱሉ ሲሳፈሩ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጫልቱ ተርፋለች፣ እህል ቀምሳለች፣ እንዲያውም ሐኪሙን ተሳድባለች። ሰርቪሱ በእልልታ ተሞላ። እሳቸውም መሐል ላይ ቆመው፣ በሁለት እጃቸው ወደ እኔ እያመለከቱ «በዚህች ልጅ ጸሎት ነው!» አሉ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እትዬ በላይነሽ ተነስታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል አላስችል አለኝ።

ተነሳሁ። ጥራዜን ከፍ አድርጌ ያዝኩና «ይሄ ዳዊት አይደለም» አልኩ። «የሂሳብ ፈተና ነው። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ አሁን የመጨረሻዬ ነው። የማነብበት ሌላ ጊዜ የለኝም። እንዳትስቁብኝ ብዬ ደበቅኳችሁ፣ ዝም ስትሉልኝ ደግሞ ጣመኝ። ይቅር በሉኝ።» ደምሴ ዳር ይዞ አቆመ። መንገዱ ዳር ባህር ዛፍ የጫነች አህያ ቆማ ታየን ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አልረሳትም።

መጀመሪያ አፏን የከፈተችው እትዬ በላይነሽ ናት። «ቆይ፣ እኔ ስድስት ሳምንት ሙሉ ወሬዬን ውጬ ሆዴ ተነፍቶ የተቀመጥኩት ለሂሳብ ነው?»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ሌላው ግን አልሳቀም። ለትዳሯ የለመነችኝ ሴትዮ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። እኔ የማየው ጋሽ ቱሉን ነው።

«ለጫልቱ ጸልየሻል ወይስ አልጸለይሽም?» አሉኝ።

«ጸልያለሁ፣ ጋሽ ቱሉ። ሦስት ቀን። ሌላ ነገር አላነበብኩም።»

«ታዲያ መጽሐፉ ምን አገባው?» አሉና ወንበራቸው ላይ ሄደው ተቀመጡ።

እትዬ በላይነሽ ግን በቀላሉ የምትለቅ ሴት አልነበረችም። ብርቱካን ለዚህ ጥፋት አይበቃም አለች። እስከ ሳሪስ ሲመከር ተሄደና ፍርዱ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ዝምታው እንደ ነበረ ይቀጥላል፤ ማታ ስንመለስ ግን እኔ መሐል ላይ ቆሜ ያነበብኩትን ለሰርቪሱ በሙሉ በአማርኛ አስረዳለሁ። «አፋችንን የዘጋሽው አንቺ ነሽ፣ ምን ስትዪ እንደ ነበር ማወቅ አለብን» አለች። ያልገባው ሰው ካለ እስኪገባው አልቀመጥም።

ቅጣት ብለው የሰጡኝ ነገር ትምህርት ቤት ሆነኝ። በእንግሊዝኛ ሸምድጄ የማውቅ የሚመስለኝን ነገር በአማርኛ ለደምሴ ለማስረዳት ስቆም ምንም አለማወቄ ይታወቀኛል። ደምሴ መሪውን ይዞ፣ በመስታወቱ እያየኝ «አልገባኝም» ይላል፣ እኔ እንደገና እጀምራለሁ። ላብ በላብ ሆኜ አቃቂ እደርሳለሁ። ማታ ቤት ስገባ ልጆቼን በንጹሕ ልብ አቅፋለሁ፤ ደብቄ የማነበው ነገር የለኝማ። ለትዳሯ የለመነችኝም ሴትዮ በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄ መጠየቅ ጀመረች፤ በዚያው ታረቅን።

አንድ ማታ ያቺ ሁለት ጊዜ የጣለችኝ ነገር ላይ ደረስን። ሁለት ድርጅቶች ተዋጥተው አንድ ንብረት ሲይዙ ያ ንብረት በማን ሂሳብ ውስጥ ይገባል? እኔ ሁልጊዜ የማየው ማን ብዙ እንዳዋጣ ነበር። «ያው ብዙ ያዋጣው ነው ጌታው» ብዬ ላልፍ ስል ጋሽ ቱሉ እጃቸውን አነሱ።

«ይሄማ መቀናጆ ነው» አሉ።

«እንዴት ጋሽ ቱሉ?»

«እኔ አንድ በሬ አለኝ፣ ጎረቤቴም አንድ አለው። አቀናጅተን እናርሳለን። የእኔ በሬ ገበያ ቢወጣ የእሱን እጥፍ ያወጣል። ግን እሱ ዛሬ አላርስም ካለ በአንድ በሬ አላርስም። እኔም እምቢ ካልኩ እሱ አያርስም። ታዲያ ጥንዱ የማነው?»

«የሁለታችሁም» አለ ደምሴ ከፊት።

«አዎ። የበሬውን ውፍረት ተዪው፣ ዘነቡ። ማን እምቢ ማለት ይችላል ብለሽ ጠይቂ። አንዱ ብቻውን የሚያዝ ከሆነ የእሱ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ማዘዝ ካልቻለ የጋራ ነው።»

እኔ ዓመታት የለፋሁበትን ነገር እሳቸው ከእርሻቸው አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ደንግጬ ተቀመጥኩ፤ እትዬ በላይነሽ «ማን ተቀመጪ አለሽ?» ስትለኝ እንደገና ተነሳሁ።

የፈተናው ዕለት የሥራ ቀን ስለነበር በሰርቪስ ሄድኩ። ደምሴ መንገዱን ጠምዝዞ አዳራሹ በር ላይ አደረሰኝ፤ በዚያ ምክንያት ሁሉም ቢሮ አርፍደው ገብተው በአርፋጅ ቀይ እስክሪብቶ ፈርመዋል፤ ይህን የነገረኝ የለም፣ ኋላ መዝገቡ ላይ ነው ያየሁት። ስወርድ ማንም ምንም አላለኝም፤ አፍ እንዳያጠፋው ፈርተው መሆኑ ገባኝ። ጋሽ ቱሉ ብቻ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «በሬዎቹን አትርሺ» አሉ።

ጥያቄው መጣ። ሁለት ድርጅቶች ወደብ ላይ መጋዘን አላቸው፤ አንዱ ከመቶ ስድሳ፣ ሌላው አርባ አዋጥቷል። ቀድሞ ቢሆን ስድሳን አይቼ በችኮላ እጽፍ ነበር። አሁን ግን ውሉን እስከ ታች አነበብኩ፤ ከታች አንዲት መስመር ላይ ያለ ሁለቱም ፈቃድ ምንም አይወሰንም ይላል። የጋሽ ቱሉ ጎረቤት በሬውን ይዞ «ዛሬ አላርስም» ሲል ታየኝና ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ጻፍኩ።

ውጤቱ በፖስታ የመጣው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ቢሮ ሰጡኝ፤ መክፈት አቃተኝና እንደ ታሸገ ማታ ይዤው ሰርቪስ ገባሁ። እትዬ በላይነሽ ከእጄ ነጥቃ በጸጉር ማስያዣዋ ቀደደችው። «ሃምሳ አንድ» አለች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ከስንት?» አሉ ጋሽ ቱሉ።

«ከመቶ» አለች እትዬ በላይነሽ፣ ድምጿ ወርዶ።

ደምሴ አንገቱን ነቀነቀ። «እኔ እንኳ መንጃ ፈቃድ ስወስድ ከዚያ በላይ ነው ያመጣሁት።»

«ማለፊያው ሃምሳ ነው» አልኩ በእንባዬ መሐል። «አልፌያለሁ። በአንዲት ነጥብ አልፌያለሁ።»

ያን ጊዜ የተነሳውን እልልታ ለመጻፍ ብዕሬ አይችልም። ጋሽ ቱሉ ጩኸቱ በረድ እስኪል ጠብቀው «አንዷ የበሬዎቹ ናት» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ፣ ወንበሬ ከፍ ብሏል፣ መኪና ሲመደብልኝም ሰርቪሱ ይሻለኛል ብዬ ሰዎቹን አስገርሜያለሁ። ያቺን አንድ ነጥብ ግን የእኔ ብዬ ቆጥሬያት አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ስሳፈር ወንበሬ ላይ በግራጫ ብርድ ልብስ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ጠበቀኝ። ስፈታው ዳዊት ነው፣ አዲስ፣ ሁሉም ተዋጥተው የገዙት። እትዬ በላይነሽ ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ማኅደር ባዶውን ሲዞር ነውር ነው» አለችኝ። ከማኅደሩ ውስጥ የፈተና ጥራዜን አውጥቼ ዳዊቱን አስገባሁ። ያን ዕለት ደምሴ ካሴቷን ከፍ አድርጎ ከፈታት፤ ሳትበጠስ እስከ ለገሃር አደረሰችን።

ዛሬ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ጋሽ ቱሉ ካረፉ ቆየ፤ ጫልቱ ከእሳቸው በኋላ ብዙ ኖራለች። የሽምብራቸው ማሳ በየትኛው ሕንጻ ሥር እንደ ዋለ አላውቅም። ስለዚያ ብዙ የሚባል አለ፣ የሚያውቁ ይበሉት። እኔ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ቆሜ ሰዉ ለአውቶቡስ ሲሰለፍ ሳይ፣ ማሳው እዚሁ እግሬ ሥር ይሆናል ብዬ እገምትና የእሸቱ ጣዕም አፌ ላይ ይመጣል። ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም።

ሜሮንን ባገኘሁ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተነስቼ ያንኑ አውቶቡስ ጠበቅኩ። ማኅደሬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥያለሁ። ስታየኝ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ዛሬም የጡረታ ጉዳይ ነው፣ እማማ?»

«አይደለም። አንቺ አንብቢ፣ አላወራሽም።»

ዳዊቱን አወጣሁ። ዓይኗ ማኅደሩ ላይ ቀረ፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ ገጹ አየች፣ ያው እኔ እሷ ላይ እንዳደረግኩት። «እውነተኛ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ዛሬስ እውነተኛ ነው። የክርስትና ስምሽ ማነው?»

ነገረችኝ። እኔ ወደ ዳዊቴ፣ እሷ ወደ መጽሐፏ አቀረቀርን። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ሰዉ ሲያማርር ሁለታችንም ቀና አላልንም። ሳሪስ ስንቃረብ የወረቀት መቀደድ ሰማሁ። የጽጌረዳውን ሽፋን ከመጽሐፏ ላይ ገፍፋ፣ በአራት አጥፋ ዳዊቴ መሐል ለምልክት አስቀመጠችልኝ። ራቁቱን የቀረውን መጽሐፍ ስሙ ከፊት እንዲታይ አድርጋ ደረቷ ላይ አቅፋ ተነሳች።

«እኔም ደብቄያለሁ፤ የማስረዳት ቅጣቴን የት ልፈጽም?» አለችኝ በሩ ጋ ሆና። «ማታ በስንት ሰዓት ነው የሚመለሱት?»

«አንቺ በምትመለሺበት ሰዓት» አልኳት።

ከተማ ውስጥ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። አንድ ማኪያቶ አዝዤ፣ ዋጋውን ሰምቼ ደንግጬ፣ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ጠበቅኳት።